የወይባ አፋፍ ነጭ አፈር

ወድቆ የሞተ ሰው ገመድ አይጠቀልልም። ይህን ለአለቃዬ ለኮማንደር ጌታነህ ለማስረዳት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «አልጣሽ፣ ነገር አታብዢ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

የተጠራነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአርብ ገበያ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ወይባ አፋፍ የሚባል ጉብታ አለ፤ ማዕድን ፈላጊዎች ታኅሣሥና ጥርን ሲቆፍሩበት ከርመዋል። ሰባት ሜትር ከሚጠልቀው የሙከራ ጉድጓድ ሥር ዳግም የተባለው ጂኦሎጂስታቸው ሞቶ ተገኘ። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያገኙት ቆፋሪዎቹ ናቸው፤ አርብን ገበያ ውለው ማግስቱን ወደ ሥራ ሲመለሱ።

እኔና ሳጅን አበባው ስንደርስ መንደሩ ሁሉ ጉድጓዱን ከቦ ቆሟል። ከጉድጓዱ አፍ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ቆፋሪዎቹ የሚወርዱበት የመጫኛ ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈታሁት። ጫፉ ላይ ያለው ጭቃ ነጭ ነው፤ ውስጡ ገና አልደረቀም። የጉድጓዱ ግድግዳ ደግሞ እስከ አራት ሜትር ድረስ ቀይ ነው፤ ነጩ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። እንግዲህ ገመዱ አርብ ዕለት እስከ ታች ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ሳበው፣ ጠቀለለው፣ ሄደ።

አበባው ሌላ ሰው እናውርድ ቢለኝም ራሴ ወረድኩ። የሟቹ ቀኝ እግር ተሰብሯል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተመትቷል። ኪሱ ውስጥ ማስታወሻ ደብተሩና አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ አገኘሁ። ጥፍሮቹ በሙሉ በነጭ አፈር ተሞልተዋል። ቀና ብዬ ግድግዳውን ሳይ በእጅ የተፈለፈሉ ሦስት መርገጫዎች አሉ፤ ሦስተኛው ደረቴ ጋ ይደርሳል። አራተኛው ተጀምሮ አልተጨረሰም።

እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ተናደድኩ። ይህ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ሊወጣ ታግሏል፤ ከላይ ደግሞ ገመዱን የወሰደበት ሰው ነበር። በኋላ የአስከሬን ምርመራውም ይህንኑ አለ፤ ከወደቀ በኋላ እስከ ሌሊቱ እኩሌታ ድረስ በሕይወት ቆይቷል።

ሬሳውን ስናወጣ ከሁሉ በፊት እጁን የዘረጋው አላምረው ነበር። የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ ለማዕድን ፈላጊዎቹ መንገድ መሪያቸው፣ ከገበሬው ጋርም የሚያገናኛቸው እሱ ነው። ለእህቱ ሰርግ ድንኳን ሊከራይ ሐሙስ ንፋስ መውጫ ሄዶ ገና መመለሱ እንደሆነ እያለቀሰ ነገረኝ። ሐሙስ ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ነገር ሰምቷል፤ የመሬቱ ባለቤት በሰው ፊት «ይህን ጉድጓድ የቆፈረ ራሱ ይግባበት» ብለው ተራግመዋል። ሌሎቹም ሰምተዋል፤ አረጋገጡልን።

ለኮማንደር ጌታነህ ይህ በቃው። የመሬቱ ባለቤት አያ ይግዛው ይባላሉ፤ የስልሳ አምስት ዓመት ገበሬ ናቸው። ገመዱም የእሳቸው ነው፤ ቆፋሪዎቹ ከእሳቸው ተውሰውት ነበር። አርብ መንደሩ ሁሉ ገበያ ሲወርድ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ከምሳ በፊት ታሰሩ።

«አርብ ዕለት የት ዋሉ፣ አያ ይግዛው?» አልኳቸው።

«ተመሬቴ ላይ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ሰው የለም። በሬዎቼ አሉ።»

«ዳግምንስ አይተውታል?»

«ጠዋት አይቸዋለሁ። ቆሎ ዘግኜ ሰጠሁት፤ ተኪሱ ከተተው። መሬቴን ቢቆፍርም ክፉ ልጅ አልነበረም።»

«ግን ረግመውታል።»

«ረግሜአለሁ። አልረገምሁም ብዬ አልዋሽሽም።»

ኮማንደሩ ገብቶ ሊረዳቸው ሞከረ፤ በእሱ ቤት እርዳታ ነው። ተጣልተን በንዴት ገፋሁት ብለው ቃል ቢሰጡ ቅጣቱ እንደሚቀል አስረዳቸው። አያ ይግዛው እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት፤ ከዚያ ያላደረጉትን ከሚናገሩ እዚያው ቢበሰብሱ እንደሚመርጡ ነገሩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኞ ፍርድ ቤት አሥር ቀን የምርመራ ጊዜ ሰጠን።

«በአሥረኛው ቀን መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል» አለኝ ኮማንደሩ። «በእኚህ ሰውዬ ስም።»

«ባዶ መዝገብ ላይ አልፈርምም።»

«የምን ባዶ? ገመድ አለ፤ እርግማን አለ።»

«ሦስት መርገጫም አለ» አልኩት። «ይህ ገበሬ ጠዋት ቆሎ ሰጥቶት፣ ከሰዓት ገፍቶት፣ ማታ ሲጣራ እየሰማ እራቱን በላ? እኔ አላምንም።»

እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ፤ ግትር ነሽ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ኮማንደሩም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ጣቱን በጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ አሥሩን ቀን ተወልኝ። ከዚያ በኋላ ያለ እኔም ፊርማ እንደሚልከው ግን አልደበቀኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በሾፌሩ በምስጋናው ላይ አጠፋሁ። አርብ ቆፋሪዎቹን ገበያ አድርሶ ማታ እንዲመልሳቸው ታዞ ነበር፤ እነሱ ግን በእግራቸው ነው የተመለሱት። የት ነበርክ ስለው መኪናው ተበላሽቶብኝ አለ። ጋራዡን ስለው ስሙን ረሳ። ከዳግም ጋር መጣላቱንም ቆፋሪዎቹ ነገሩኝ። ገዳዩን ያገኘሁ መሰለኝ። አበባው ግን የመኪናውን የኋላ ወለል ሲጠርግ የዶሮ ላባ፣ የባቄላ ፍሬና የአንድ ሕፃን ጫማ አገኘ። ምስጋናው ጫማውን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ገበያተኛ ጭኖ ሁለት ጊዜ ወገዳ ከተማ ተመላልሷል። ጫማው የጠፋባት እናት ወገዳ ላይ በቀላሉ ተገኘች፤ ሰዓቱንም ልጇ ሲያለቅስ የዋለበትን መንገድ ሁሉ እየቆጠረች ነገረችን። ሾፌሩ ውሸታም እንጂ ገዳይ አልነበረም።

ሮብ ዕለት ጽዮን ከባሕር ዳር መጣች። የዳግም ባልደረባ ናት፤ እሱ የሚቆፍረውን እሷ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትመረምረዋለች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም። መንደሩ ስለ ወርቅ እንደሚያወራ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች።

የሚፈልጉት ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች የሚባሉትን ነው። አሥራ ሰባት ናቸው፤ በእጄ በያዝኩት ስልክ ውስጥ ሳይቀር አሉ። ስማቸው ያሳስታል አለችኝ፤ ጠፍተው አይደለም፣ በየአፈሩ አሉ፤ ተሰብስበው ስለማይገኙ ነው እንጂ። የቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ማዕድን የሚስማማውን እየመረጠ ይጠነክራል። እነዚህ ደግሞ ከአብዛኛው ማዕድን ጋር በልክ አይገጥሙም፤ እስከ መጨረሻው ከፈሳሹ ጋር ይቀራሉ። ያ የመጨረሻው ቅልጥ አለት በጥንቱ እሳተ ገሞራ ወጥቶ የረጋበት ነው ወይባ አፋፍ።

«ታዲያ አለቱን ለምን አልወሰዳችሁም?» አልኳት።

«አለቱ ውስጥ ገና የተበተኑ ናቸው» አለችኝ። «የሚሰበስባቸው ዝናብ ነው።»

ክረምት በክረምት ላይ እየተደራረበ፣ ብዙ መቶ ሺህ ዓመት ዝናቡ አለቱን ያበሰብሰዋል። ውሃው ንጥረ ነገሮቹን ከላይኛው ቀይ አፈር እያጠበ ያወርዳቸዋል፤ ከሥር ያለው ነጭ ሸክላ ደግሞ ይይዛቸዋል። ዳገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ አፈሩ ተሸርሽሮ ይሄዳል። ሜዳ ከሆነ ውሃው ይተኛል፣ አጥቦ አይወርድም። ለስለስ ያለ፣ ውሃ የሚያሰርግ፣ ሳይሸረሸር የቆየ ጉብታ ያስፈልጋል። ይህን ስትነግረኝ አያ ይግዛውን አሰብኩ፤ ያ ጉብታ እንዳይሸረሸር ከአባታቸው ጀምሮ እርከን ሲሠሩለት ኖረዋል።

ማዕድን ፈላጊዎቹ የአፈር ናሙና የሚያስቀምጡበትን ድንኳን አብረን ከፈትን። ሁለት ጉድጓድ ነው የተቆፈረው፤ አንዱ ወይባ አፋፍ ላይ፣ ሌላው ከግርጌው ሽምብራ ሜዳ በሚባለው ጥቁር የዋልካ መሬት ላይ። ከእያንዳንዱ ጉድጓድ በየሜትሩ አሥር ኪሎ አፈር ከረጢት ውስጥ ይገባል። ጽዮን የሽምብራ ሜዳን ስድስተኛ ሜትር ፈታች። እጇን አስገብታ ነጭ አፈር ዘግና አወጣች።

«ይህ ከሽምብራ ሜዳ አልወጣም» አለች።

የዳግምን ማስታወሻ ከኪሱ እንዳወጣሁት ይዤው ነበር። ለዚያ ሜትር በእጁ የጻፈው «ጥቁር፣ የሚጣበቅ፣ ውሃ ያዘለ» የሚል ነው። የወይባ አፋፍን ስድስተኛ ሜትር ስትፈታ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ወጣ። አምስተኛውም ሰባተኛውም እንደዚያው። ደብተሩ ሌላም ነገር ይላል፤ ዳግም በነጩ አፈር ተደስቶ ከወይባ አፋፍ የመጨረሻ ሦስት ሜትሮች ሦስት ሦስት ከረጢት ሞልቷል። ድንኳኑ ውስጥ አንዳንድ ብቻ ናቸው። ስድስት ከረጢት ነጭ አፈር የለም።

አሁን ነገሩ ገባኝ። አንድ ሰው የሁለቱን ጉድጓድ አፈር አለዋውጦ፣ ማዕድኑ የተገኘው ሽምብራ ሜዳ ላይ ነው ሊያሰኝ ፈልጓል። ዳግም በሕይወት ካለ ግን ይህ አይሆንለትም። የተረፈውን ነጭ አፈር ድንኳኑ ውስጥ መተው ስለማይችል ወስዶታል። ደብተሩን ግን መውሰድ አልቻለም፤ ደብተሩ ከዳግም ጋር ጉድጓድ ውስጥ ነበርና። ሊወስድ ቢወርድ ዳግምን ፊት ለፊት ያገኘዋል።

አያ ይግዛው ማዕድኑ ከመሬታቸው ወደ ሌላ ቢዞር ምን ይጎዳሉ? ይገላገላሉ እንጂ። ኮማንደሩም ይህንኑ ይላል፤ ግን የናሙናን አሠራር የማያውቅ አርሶ አደር ይህን ሁሉ የአፈር ማለዋወጥ ከየት ያመጣዋል? እኔም ሽምብራ ሜዳ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

የአምስት ገበሬዎች ነው። አምስቱም አንድ ነገር ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት አላምረው ቤታቸው እየዞረ ለብዙ ዓመት መሬታቸውን ለእሱ እንዲያከራዩት አስፈርሟቸዋል። ማዕድን ሲወጣ ካሳውም ሥራውም በእሱ እጅ ይገባል፤ እሱ ደግሞ መንገድ ያስጠርግላቸዋል፣ መብራት ያስገባላቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየሰንበቴው ስለ ሽምብራ ሜዳ ከተማነት ሲያወራ ነው የከረመው። የማያምነውን ይስቅበት ነበር፤ ማዕድኑ ሌላ ቦታ ነው ከተባለ ደግሞ ሳቁ በእሱ ላይ ይዞራል።

አላምረው ግን አርብ ዕለት ንፋስ መውጫ ነበር። የስልኩን መረጃ አስወጣሁ፤ ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ከንፋስ መውጫ አልወጣም። ድንኳን አከራዩ ደምሌም በስልክ ስጠይቀው ሐሙስ መጥቶ ተዋዋለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን ወሰደ አለኝ። ደብተሬ ላይ የአላምረውን ስም ሰረዝኩት። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሦስት ቀን ቀረን። አያ ይግዛው ምግብ እየቀነሱ መጡ። የዕለት ቁራሻቸውን ለእስር ጓደኛቸው እንደሚሰጡ ዘበኛው ሲነግረኝ ገብቼ ተቆጣኋቸው። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። «የእኔን ሆድ ለእኔ ተይልኝ።» ወጥቼ ጽዮንን መኪና ውስጥ ከትቼ ወደ አላምረው ቤት ነዳሁ። ጥርጣሬ ኖሮኝ አይደለም፤ አምስቱን ገበሬዎች ያስፈረመበትን ውል ለማየት ነው። ሌላ የቀረኝ ቤት አልነበረም።

እሱ የለም፤ ሰርጉ እሑድ ነውና ለጥሪ ወጥቷል። የዳሱ እንጨት ቆሟል። እናቱ እማማ ፀሐይነሽ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኖ ከቤት ወጡ። ግድግዳ እየለቀለቁ ነበር፤ ግቢና እይው ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

የእልፍኙ ግድግዳ ዓይን ይወጋል። እናቴ ለእኔ ሰርግ ነጭ አፈር ለማግኘት ግማሽ ቀን ተጉዛ፣ ያመጣችውም እንዲህ አልነጣም። የሴት ሥራ ነውና አበባው ቢያየው አልፎት ይሄድ ነበር። እኔ ግን ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት።

«እማማ፣ ይህን የመሰለ አፈር ከየት አገኙ?»

«አላምረው ነው ያመጣልኝ» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ለሰርጉ በርበሬ የገዛሁ ለት ተገበያ ስመለስ፣ ተጓሮ አህያዋን ሲያራግፍ ደረስሁበት። ምንድን ነው ብለው፣ ለሰርጉ ነው እማዬ አለኝ። ወንድ ልጅ ለእናቱ የግድግዳ አፈር ሲያስብ አይተሽ ታውቂያለሽ? እህል ውሃ እንኳ ሳይል ወዲያው ተመልሶ ወደ ንፋስ መውጫ ሄደ።»

«በርበሬውን መቼ ነው የገዙት?»

«ያች አርብ ናታ። ያ የሰው ልጅ የሞተ ለት።»

ይህን ሲሉ ምንም አልታወቃቸውም። ቁጭ በይ፣ ጠላ ቅመሽ እያሉ ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እኔ ግን ነገሩን ገጣጠምኩት። ልጃቸው አፈር የሚደብቅበት ምርጥ ቦታ ሌላ አፈር መሀል መሆኑን አስቧል፤ ጓሮው የምርጊት ጭቃ ተከምሮበታልና። እናቱ ሲደርሱበት በአፉ የመጣለትን ተናገረ። ነጭ አፈር ያገኘች የሰርግ ቤት እናት ዝም ብላ እንደማታየው ግን አላወቀም።

ከጓሮው ክምር የቀረ ጥቂት ነበር። ጽዮን አንድ ጓል አንሥታ በጥፍሯ ጫረችው፤ አፈር ነው፣ ግን የአለቱን መልክ ገና እንደያዘ ነው፤ ትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦቹ ሲነኩ ይፈርሳሉ። ጨው ባለበት ውሃ እንደሚፈተን ነገረችኝ። ጣቢያ ስንመለስ የጓሮውን ጓልና ከሌሎች አራት ቤቶች የሰበሰብነውን የግድግዳ አፈር በየብርጭቆው ከአሞኒየም ጨው ውሃ ጋር በጠበጠች፤ ጨዉ ሸክላው የያዛቸውን ንጥረ ነገሮች ያስለቅቃል። ውሃውን አጥልላ፣ የተለቀቁትን ነጭ ዝቃጭ የሚያደርግ አሲድ አንጠባጠበችበት። አራቱ ብርጭቆዎች ትንሽ ደብዘዝ አሉ። አምስተኛው፣ የጓሮው፣ እንደ ወተት ነጣ። የመጨረሻውን ቃል ትልቁ ቤተ ሙከራ ይሰጣል አለች፤ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ እኔ እያየኋት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

በማግስቱ ንፋስ መውጫ ሄጄ ደምሌን ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። በስልክ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት፤ አርብ ዕለት አላምረውን በዓይንህ አይተኸዋል? አላየውም። ስልኩንስ? ስልኩማ እዚህ ነበር አለኝ፣ እጁን ወደ መደርደሪያው ዘርግቶ። መደርደሪያው ላይ አሥራ ሁለት ስልኮች ቻርጅ ላይ ተሰክተዋል። መብራት ከሌለበት ቀበሌ የመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን እሱ ጋ ትቶ ይሄዳል። እኔም ከእንዲህ ያለ ቀበሌ ነው የወጣሁት፤ ግን ስንት ዓመት ከተማ ተቀምጬ ስልክና ባለቤቱ አንድ ሆነውብኝ ነበር።

አላምረውን ያን ዕለት ማታ ያዝነው። አልሮጠም። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና ሁሉን ካደ። አፈሩ ያለፈው ዓመት ነው አለ፤ እሱም አርብን ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ሲዞር ነው የዋለው።

«እናትህ አርብ ዕለት ከአህያ ስታራግፍ አይተውሃል» አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ተለወጠ፤ ወዲያው ተመለሰ። «ፈርማለች?»

አልፈረሙም። የነገሩኝ እንግዳ ሲቀበሉ ነው፤ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

«እንግዲያውስ ይጥሯት» አለኝ። «እናቴ በእኔ ላይ አፏን ከከፈተች የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

ዓቃቤ ሕጉም የነገረኝ ይህንኑ ነው። አፈሩ ምን እንደሆነ ያሳያል፤ መቼ እንደመጣ አያሳይም። አርብ መሆኑን የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። እሳቸው ከካዱ አላምረው ወጥቶ አያ ይግዛው ይቀራሉ። ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ፣ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ መዝገቡን እንደሚወስድ ነገረኝ። ማታውን ዘመድ አዝማድ እማማ ፀሐይነሽ ቤት ገብቶ አድሯል፤ አፈሩ የአምና ነው እንዲሉ እያስጠኗቸው መሆኑን አበባው ሰማ። ሄጄ ልለምናቸው አሰብኩ። አልሄድኩም። እናትን እንዲህ ያለ ነገር መለመን አልቻልኩም።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ እማማ ፀሐይነሽ ራሳቸው መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ዳቦ ይዘዋል። ዘመዶቻቸው ተከትለው መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ማንም እንደማያስገድዳቸው፣ ዝም ማለትም እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ያ ልጅ ሲወድቅ ነው የሞተ?»

ልዋሻቸው እችል ነበር። ኮማንደሩም በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ተይው ይለኛል።

«አይደለም፣ እማማ። እስከ እኩለ ሌሊት ኖሯል።»

«ገመዱስ?»

«ታች ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ተስቦ ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በጥፍሩ ሦስት መርገጫ ፈልፍሏል፤ አራተኛውን ሲጀምር ደከመ።»

እማማ ፀሐይነሽ መዳፋቸውን ገለበጡና አዩት። ብዙ ታጥበዋል፤ በእጃቸው ስንጥቆች ውስጥ ግን ነጩ ገና አልለቀቀም። ከማዶ አንድ ሰው ስማቸውን ጠራ፤ ቀና አላሉም።

«ቢገፋውስ ንዴት ነው እል ነበር» አሉ። «ገመድ መጠቅለል ንዴት አይደለም። የዚያም ልጅ እናት አለችው። ጻፊ።»

ጻፍኩ። አርብ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ተገበያ ስመለስ። ቀን አላምታቱም፤ የአህያዋን ቀለም፣ የከረጢቱን ቁጥር፣ ልጃቸው ላብ ላብ ብሎት እንደነበር ሁሉ ተናገሩ። ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ሲያትሙ እጃቸው ረጋ ያለ ነበር። ኮማንደሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበውና ይዞት ወደ ቢሮው ገባ።

እሳቸው ዳቦውን ለዘበኛው ሰጡ። ለልጄ አድርስልኝ አሉት። ዘበኛው ጥቂት ቆይቶ ዳቦውን እንደያዘ ተመለሰ፤ አላምረው ከእጇ አልበላም ብሏል። እማማ ፀሐይነሽ ዳቦውን ተቀብለው ከጣቢያው በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወደ ዘመዶቻቸው መሄድ አልቻሉም፤ ከማዶ ያሉት በዓይናቸው ይበሏቸዋል። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተፋች።

ስድስት ሰዓት ላይ አያ ይግዛው ተፈቱ። የመፈቻ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው፣ ማን ምን እንደመሰከረ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወደ በሩ ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው፤ ከማዶ ያሉት አንድ ነገር እንዳያደርጉ ፈርቼ ነበር።

አያ ይግዛው ዘመዶቹን አንድ በአንድ እያዩ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሄደው ከእማማ ፀሐይነሽ ጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ነጠላውን ከጭናቸው ላይ አንሥተው ፈቱና ዳቦውን ባርከው ለሁለት ቆረሱት።

«እኔ ርቦኛል» አሏቸው፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «አንችም ብዪ። ዳገቱን በባዶ ሆድ አንወጣውም።»

እማማ ፀሐይነሽ ቁራሹን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አብረው በሉ።